የሁለት ሰው ስንቅ

አንድ ሰው በእግሩ ከአገር ለመውጣት ስንት ብር ያስፈልገዋል? ይህን ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቃችሁ እንደማታውቁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ግን በደርግ ዘመን አንድ ክረምት ሙሉ፣ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በነበረችው ባለሁለት ክፍል የቀበሌ ቤቴ ውስጥ፣ ከዚህ ጥያቄ ጋር ስተኛና ስነሳ ከርሜያለሁ።

ሙሉ እባላለሁ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ባል አላገባሁም፣ አልወለድኩም፤ ግን እናታችን ስትሞት ገና ስድስት ዓመቱ የነበረውን ወንድሜን ብርሃኑን፣ እኔም ልጅ ሆኜ አሳድጌዋለሁ። አባታችንን ያጣነው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። መተዳደሪያዬ ልብስ ስፌት ነበር። በፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ የሰፈሩን ሴቶች ቀሚስ እሰፋለሁ፤ የኋለኛው መኝታችን ነው። በመካከላቸው በር የለም፣ መጋረጃ ብቻ። ያን ክረምት ወንድሜን ከሞት የለየው ያ መጋረጃ ነበር።

ብርሃኑ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰ ሰሞን ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ተጠራ። በፊተኛው ዙር ከሰፈራችን ከሄዱት አንዱ የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ ልጅ ነበር። ዓመት ሳይሞላው መሞቱ ተሰማ። መርዶውን ያመጣችው የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበርና የምልመላ ኮሚቴው አባል፣ ወይዘሮ አስካለ ናት። በጠዋት መጥታ በሩ ላይ እንደቆመች፣ "ልጅሽ ለእናት አገሩ ተሰውቷል፤ ልትኮሪበት ይገባል፣ ለቅሶ አያስፈልግም" ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ድንኳን አልተጣለም። እትዬ ብርቄ ትራሷን አፏ ላይ አድርጋ ስታለቅስ በግድግዳው በኩል እሰማት ነበር።

ያን ጊዜ ነው ብርሃኑን ለማንም አልሰጥም ብዬ የወሰንኩት። "ናዝሬት አጎቱ ዘንድ ሄዷል" ብዬ ለሰፈሩ አወራሁ፤ ልጁን ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጥኩት። ደንበኞቼ ቀሚስ ሊለኩ ሲመጡ እሱ አልጋው ላይ እንደ እንጨት ይጋደማል። ሳሉን ይውጣል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ሲቀንስ ብቻ ወጥቶ ወገቡን ያፍታታል። እንዲህ ሆኖ ምን ያህል መክረም ይቻላል? የአብዮት ጥበቃዎች ቤት ለቤት ፍተሻ ሊጀምሩ ነው የሚል ወሬ በየቀኑ ይመጣል።

አንዲት ደንበኛዬ፣ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ከሚቀመጥ ደላላ ጋር አገናኘችኝ። ጋሽ መኮንን ነኝ አለኝ፤ እውነተኛ ስሙ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ መንገዱን ነገረኝ። እስከ ጎንደር በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር፣ በመተማ ቆላ በኩል ሱዳን። ቀን ጫካ ውስጥ ተኝቶ ማታ ማታ መሄድ ነው። መንገድ መሪው ለአንድ ሰው ስምንት መቶ ብር ይፈልጋል፤ ግማሹ ሲነሱ፣ ግማሹ መድረሳቸው ሲታወቅ፤ ሙሉው ብር መኖሩ ካልታወቀ ግን አይነሳም።

"ከዚያ በላይ ደግሞ ጫማ አለ፣ ስንቅ አለ፣ የወባ ኪኒን አለ" አለኝ። "በእጁም ብር መያዝ አለበት። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው መሃል መንገድ ላይ ወድቆ ይቀራል።"

ሁሉም ተደምሮ አሥራ አንድ መቶ ብር መጣ። የእናቴን የአንገት ወርቅ ሸጬ፣ ያጠራቀምኩትን ጨምሬ፣ ሰባት መቶ ሞላልኝ። አራት መቶ ጎደለ። "መኪናሽን ሽጪዋ" ትሉኝ ይሆናል። በዚያ ዘመን ዕቃውን የሚሸጥ ሰው ሊጠፋ ነው ይባላል። አንድ አልጋ ከቤት ሲወጣ ቀበሌ ይሰማል። ስለዚህ ጎዶሎዬን ታቅፌ ቀረሁ።

ብርሃኑ አንድ ቀን፣ "ኪኒኑን ተይው፣ በእጅ የሚያዘውንም ተይው፤ ለመሪው ይብቃ እንጂ እኔ እሄዳለሁ" አለኝ።

"ከወደቅክስ?"

"እዚህስ ቢሆን ቆሜያለሁ እንዴ?"

መቀሴን አንስቼ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

የቀረችኝ ተስፋ ዕቁብ ነበረች። ሃያ ሴቶች ነን፣ በሳምንት ሃያ ሃያ ብር እንጥላለን። ለደረሰው አራት መቶ ይሆናል፤ ልክ የጎደለኝን። በጥቅምት መጀመሪያ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን ዕጣው ሲወጣ በልቤ እመቤቴን እየለመንኩ ነበር። የዕቁቡ ሰብሳቢ ወረቀቱን ገልጣ አነበበች።

"ወይዘሮ አስካለ!"

እልልታ ሆነ። እኔ ግን ወለሉ የሸሸኝ መሰለኝ። ከሃያ ሴት መካከል ልለምናት የማልችላት አንዲት ሴት ብትኖር እሷ ናት። ቢሆንም የሚቀጥለውን ሳምንት መጠበቅ አልችልም፤ ፍተሻው በዚያ ሳምንት ይጀመራል ተብሏል። ሴቶቹ ሲበተኑ ተከትያት ወጣሁ።

"እትዬ አስካለ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተራዎን ቢለቁልኝ ብዬ ነው። የኔ ሲደርስ እርስዎ ይወስዱታል። ቸግሮኝ ነው።"

ቆማ አየችኝ። ረዥም፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት፤ ፀጉሯን ሁልጊዜ በሻሽ ጠምጥማ ነው የምትሄደው። "ምን ቸገረሽ?"

"አጎቴ ታሞብኝ ነው። ናዝሬት ያለው።"

"ብርሃኑ ያለበት?"

"አዎ፣ እሱው።"

"እናስብበታለን" ብላኝ ሄደች። እኔም በገዛ እጄ ወንድሜን አሳልፌ የሰጠሁት መስሎኝ፣ እግሬ እየከበደኝ ቤቴ ገባሁ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሩ ተንኳኳ። ብርሃኑ መጋረጃውን አልፎ ገባ። ስከፍት አስካለ ብቻዋን ቆማለች። ሳልጋብዛት ገባችና በሩን ራሷ ዘጋችው።

"ማን አለ?"

"ማንም የለም። ብቻዬን ነኝ።"

በመሐረብ የተቋጠረ ብር ከቦርሳዋ አውጥታ ከመቀሱና ከክሩ መሃል ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "የዕቁቡ ብር ነው።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ውለታዎን..."

"ይሄ ስንት ሰው ያሻግራል?"

"የት... የት ነው የሚያሻግረው?"

"ሙሉ፣ አንቺም ልጅ አይደለሽም፣ እኔም አይደለሁም። ወፍጮ ቤት ገብስ አስፈጭተሻል። ለብቻሽ ያን ሁሉ በሶ ምን ታደርጊዋለሽ? የወንድ ሸራ ጫማ ገዝተሻል። የወባ ኪኒን ከፋርማሲ ወስደሻል፤ ልደታ ውስጥ ደግሞ ወባ የለም።"

ያን ሁሉ ጊዜ ዕቃ መሸጥ ያጋልጠኛል ብዬ ስጠነቀቅ፣ የገዛሁት አጋለጠኝ። "በሶውን የምሸጠው ነው" አልኩ። "ጫማው የደንበኛ ነው። ብርሃኑ ናዝሬት ነው፣ አልኩዎት እኮ።" ድምፄ ለራሴም ውሸት ውሸት ይል ነበር።

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ሳምሶን ተጠርቷል" አለች።

ሳምሶን አንድ ልጇ ነው። ከብርሃኑ ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል። "ይሰርዙታላ፤ እርስዎ አይደሉ የሚሰርዙት" አልኳት፤ ቁጣዬ ፍርሃቴን ቀድሞ።

"ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። አሁን ከቀበሌ በላይ ካለው፣ ከከፍተኛው ነው የመጣው። 'ቅስቀሳሽን ከገዛ ቤትሽ ጀምሪ' ብለውኛል። ሐሙስ ያስረክቡታል።"

"የእትዬ ብርቄን ልጅስ ማን ሰረዘው?"

ይህን እንዴት እንደተናገርኩት አላውቅም። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ፣ ለዚህች ሴት እንዲህ ተብሎ እንደማይታደር ገባኝ። እሷ ግን አልተቆጣችም።

"እሱን እግዚአብሔር ይጠይቀኛል" አለች። "ዛሬ የመጣሁት ልጄንም እንድታሻግሪልኝ ነው። ወንድምሽ ሲሄድ አብሮት ይሂድ። የኔም ብር አለ፤ ያንቺ የጎደለውም ይሞላል።"

ወገኖቼ፣ እስቲ በኔ ቦታ ሁኑ። አዎ ካልኳትና ወጥመድ ከሆነ፣ ወንድሜን አጠፋሁት፣ ራሴንም። የለም ካልኳት ብሩን አንስታ ትወጣለች፤ ያወቀችውን ግን ይዛው ትወጣለች። ሁለቱም ገደል ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ብርሃኑ ትንፋሹን እንደያዘ አውቃለሁ። አስካለም የምታውቅ ይመስለኛል፤ አንዴም ወደዚያ አላየችም።

"ብርሃኑ ናዝሬት ነው" አልኩ እንደገና።

ያኔ ቦርሳዋን ከፈተችና ሁለት የይለፍ ወረቀት ዘረጋችልኝ። አንዱ ላይ የሳምሶን ስም፣ አንዱ ላይ የብርሃኑ። ለቤተሰብ ጥየቃ ወደ ጎንደር ይላል። ማኅተም አለው፤ ከማኅተሙ በታች የሷ ፊርማ።

"ማኅተሙን የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ሲወጣ ከመሳቢያው ነው ያወጣሁት" አለች። "ወንድምሽን ላስይዘው ብፈልግ ጥበቃ እልክ ነበር እንጂ በእጄ ፈርሜ አልመጣም። ይሄን ወረቀት ነገ ከፍተኛው ብታደርሺው የምረሸነው እኔ ነኝ። እንኪ፣ ያዢው።"

ያዝኩት። ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞሬ፣ "ብርሃኑ፣ ና" አልኩ።

ወጣ። ፀሐይ ያላየ ፊቱ ነጭ ሆኗል፣ ፀጉሩ አድጓል። አስካለ አየችውና ከወንበሯ ብድግ አለች። "አንተ ልጅ፣ እንዴት ከሳህ!" አለችው፤ ልክ እንደ ማንኛዋም እናት። ያን ጊዜ እኔን የያዘኝን ስሜት ልነግራችሁ አልችልም። ልጠላት ፈለግሁ፣ ግን እንደ ቅድሙ አልሆነልኝም።

ያን ምሽት ለወራት ከምፈራት ሴት ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን የሁለት ሰው መንገድ ሒሳብ ሠራን። የኔ፣ ቀድሜ የገዛሁት ዕቃ ተቆጥሮ፣ ሰባት መቶ፣ የሷ የዕቁቡን ጨምሮ አሥራ ሦስት መቶ። ለመሪው አሥራ ስድስት መቶ ይወጣል። ከቀረው ላይ የገዛሁት ዕቃ፣ አውቶቡስና ሁለተኛ ጫማ፣ ተጨማሪ ኪኒን፣ ሁለት ኮዳ። ሆቴል አይገቡም፤ አውቶቡሱ ሲያድር እነሱም እዚያው ያድራሉ። እንዲህ ቀንሰን ቀንሰን ሦስት መቶ ብር ተረፈን፤ በእጅ የሚያዝ።

"ለየራሳቸው መቶ ሃምሳ ይያዙ" አልኩ።

አስካለ ራሷን ነቀነቀች። "ሁሉንም ለብርሃኑ ስጪው።"

"ለምን?"

"የኔ ልጅ ብር ይዞ አያውቅም። ሁሉን ነገር እኔ ነኝ የማደርግለት።" ወደ ብርሃኑ ዞረች። "አንተ ጠንካራ ነህ። አትለየው፣ እሺ?"

"እሺ እትዬ" አላት።

በማግስቱ ሜክሲኮ ሄጄ ደላላውን አገኘሁት። ሁለት መሆናቸውን ስነግረው ሻዩን አስቀመጠ።

"ሁለት ሰው ማለት ሁለት ሳል፣ ሁለት ድካም ማለት ነው። ብሩን በሙሉ አሁን ስጪኝ።"

"ግማሹን ነው የተነጋገርነው።"

"እህቴ፣ የምትገዢው ቀሚስ አይደለም።"

"እርስዎም የሚሸጡልኝ ሰው እንጂ ዕቃ አይደለም" አልኩት። "ሲደርሱ ይከፈልዎታል። አለዚያ አሁኑኑ ተነስቼ እሄዳለሁ።" የት እንደምሄድ ግን አላውቅም ነበር።

ብዙ አየኝና እሺ አለ። ስምንት መቶውን ሰጠሁት። ለመድረሳቸው ምልክት እንዲሆን፣ ለሁለቱም ወፍራም ሸሚዝ እሰፋለሁ፤ የብርሃኑ ቁልፍ ቡናማ፣ የሳምሶን ነጭ ይሆናል። ሱዳን ሲገቡ የላይኛውን ቁልፍ በጥሰው ለመሪው ይሰጡታል። ቁልፉ በእጄ ሲገባ ቀሪውን እከፍላለሁ። በዚህ ተለያየን።

ረቡዕ ገና ሳይነጋ ሳምሶን ቤቴ መጣ። እናቱ አልሸኘችውም፤ ከሰው ዓይን ለመሸሽ ነው። ቀጭን፣ ዓይን አፋር ልጅ ነበር። በሶውን ቀምሶ፣ "ስኳር አለው እንዴ?" አለኝ። ስኳሩን እናቱ ከራሷ ራሽን ቀንሳ ልካልኝ ነበር። "አለው፣ እናትህ ናት የሰጠችኝ" ስለው ፊቱን አዞረ። ብርሃኑ ጉንጬን ሳመኝ። "አይዞሽ" አለኝ፤ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሁለቱ በልደታ ቁልቁለት ሲወርዱ የሸራ ጫማቸው ድምፅ እንኳን አልነበረውም።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አስካለ ሳምሶን ጅማ አክስቱ ዘንድ ሄዶ ጠፍቷል ብላ ለከፍተኛው አመለከተች። አስጠሩዋት፣ ገሠጹዋት፣ ግን አላሰሩዋትም። እኔ ጋ የምትመጣበት ሰበብ እንዲኖራት አንድ ቀሚስ አዘዘች። ያችን ቀሚስ ስንቴ ሰፍቼ ስንቴ እንደተረተርኳት! ትመጣለች፣ ትቆማለች፣ እለካታለሁ። ደንበኛ ካለ በዓይኗ ትጠይቀኛለች፤ እኔም በዓይኔ "ገና ነው" እላታለሁ። ከሷ ጋር ያለን ወሬ ይኸው ነበር። ኅዳር አለቀ። ፍርሃቴን የሚያውቅልኝ ሰው በዓለም ላይ አንድ እሷ ብቻ ሆነች።

በታኅሣሥ አንድ ከሰዓት ደላላው ራሱ ቤቴ መጣ። መጥቶ አያውቅም ነበር። ሱሪ የሚያሳጥር መስሎ ገባ፤ ከኪሱ መዳፉን አውጥቶ ከፈተው። ቡናማ ቁልፍ። እኔ ነኝ የተከልኩት፣ ክሩም የኔ ነው። ብርሃኑ ደርሷል! ጠረጴዛውን ይዤ ባልቆም እወድቅ ነበር።

ሌላኛውን እጁን ጠበቅሁ። አላወጣውም።

"ነጩስ?"

"ለአንዱ ብቻ ክፈይኝ" አለኝ።

ገብቶኝ ነበር፤ ግን እንዳልገባው ሰው፣ "ለምን ለአንዱ?" አልኩት።

ሳምሶንን ቆላው ውስጥ ወባ ጣለው አለኝ። ኪኒኑን ውጧል፤ አልያዘለትም። መሪው ትተነው እንሂድ፣ ሰው ያየናል አለ። ብርሃኑ እምቢ አለ። የያዘውን ሦስት መቶ ብር በሙሉ አውጥቶ ለመሪው ሰጠውና፣ "እስኪሻለው ጠብቀን" አለው። መሪው ብሩን ተቀብሎ ጠበቀ። አልተሻለውም። ብርሃኑ ጭንቅላቱን በጭኑ ላይ አድርጎ ውኃ በጨርቅ ሲያስመጥጠው ውሎ፣ ልጁ በማግስቱ አረፈ። በእጃቸውና በእንጨት ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ወንድሜ ሱዳን የገባው ቤሳ ቤስቲን ሳይኖረው ነው።

"ወንድምሽ ሞኝ ነው፣ ግን ሰው ነው" ብሎኝ፣ አራት መቶ ብሩን ተቀብሎ ሄደ።

የቀረው አራት መቶ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የሳምሶን ግማሽ። የኔ አይደለም፣ ልይዘው አልችልም። በማግስቱ አስካለ ቀሚሷን ልትለካ መጣች። ዓይኖቿ እንደ ሁልጊዜው ጠየቁኝ። ምን ብዬ ልጀምር? "ልትኮሪበት ይገባል" ልበላት? መሳቢያውን ከፍቼ ብሩን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ለመሪው የተያዘው ነው እትዬ። የሳምሶን።"

ብሩን አየችው። ከዚያ እኔን። "ለምን አልከፈልሽም?" አለች፣ በቀስታ፤ ልክ ረስቼው እንደሆነ ሁሉ። ከዚያ ድምፅ ሳታሰማ አፏን ከፈተች። ያን ዓይነት አፍ አይቼ አላውቅም። ድምፁ ሊመጣ ነው፤ ከመጣ ደግሞ ሰፈሩ ይሰማል፣ ጅማ ለጠፋ ልጅ እንዲህ የምትጮኽ እናት የለችም፣ ሁላችንም አለቅን። ወደ መኪናዬ ሮጥኩና ፔዳሉን ረገጥኩት። ክር የለውም፣ ጨርቅ የለውም፤ ባዶውን አስጮኽኩት። እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ስትጮኽ፣ እኔ በሙሉ ኃይሌ እረግጣለሁ፤ እንባዬ በመኪናው ላይ ይንጠባጠባል፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሙሉ ዛሬ ሥራ በዝቶባታል ይላል።

ሲደክማት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "ብቻውን ነበር?"

"አልነበረም። ብርሃኑ እንዲጠብቁት ብሩን ሁሉ ሰጠላቸው። ጭኑ ላይ ነው ያረፈው።"

ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ተነስታ ሻሿን አስተካከለችና፣ "ብርቄ ጋ ውሰጂኝ" አለችኝ።

"አይሆንም እትዬ! ታስይዝዎታለች።"

"ታስይዘኝ።"

ወሰድኳት። እትዬ ብርቄ በሩን ከፍታ አስካለን ስታይ ፊቷ እንደ ድንጋይ ሆነ፤ ዳግመኛ መርዶ የመጣባት ይመስል። አስካለ እዚያው፣ ያኔ የቆመችበት ደፍ ላይ ቆማ፣ "ሳምሶን ሞተ። በመንገድ ላይ። ላለቅስለት አልችልም" አለቻት።

እኔ የምገባበት አጣሁ። አንድ ቃል ቀበሌ ብትናገር እትዬ ብርቄ የልጇን ደም ብድር ትመልሳለች። እሷ ግን ወደ ውስጥ ተመልሳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ መጣች።

"ይቅር አላልኩሽም" አለቻት። "ግቢ፣ ተቀመጪ።"

በሩን ዘጋችው። ሦስታችንም ወለሉ ላይ ተቀመጥን፤ እትዬ ብርቄ የሁለቱንም ልጆች ስም እየጠራች፣ በሹክሹክታ፣ ለአስካለ ልጇን አለቀሰችላት። የራሷንም ልጅ በወጉ ያለቀሰችው ያን ቀን ነው።

አስካለ ብዙም ሳትቆይ በሕመም አመካኝታ ከሊቀ መንበርነቷ ወረደች። ብርሃኑ ሱዳን ውስጥ ተሸካሚ ሆኖ፣ ዳቦ ቤት ሠርቶ ኖረ፤ ዛሬ በሕይወት አለ፤ ሳምሶን ስላረፈባት ስለዚያች የቆላ ቀን ግን እስካሁን ከአንድ ጊዜ በላይ አልተናገረም።

መንግሥት ሲለወጥ የድሮዎቹን የቀበሌ ሹማምንት ሰብስበው፣ የበደሏችሁ ተናገሩ አሉን። አዳራሹ ሞልቷል፤ አስካለ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፣ ሸብታለች። እጄን አወጣሁ። መዝጋቢው ወጣት፣ "ከሳሽ ነሽ ወይስ የመከላከያ ምስክር?" አለኝ።

"ሁለቱንም" አልኩት።

"ሁለቱንም መሆን አይቻልም።"

"እንግዲያው ዝም ብለህ ስማኝ" አልኩትና ሁሉንም ተናገርኩ፤ በእትዬ ብርቄ ደፍ ላይ ያለችውንም፣ ስለ ወንድሜ ብላ የፈረመችውንም፤ አንዱን ለአንዱ ሳልቀንስ። ከኔ ቀጥሎ እትዬ ብርቄን አስነሱዋት። "የልጄን ሞት የነገረችኝ እሷ ናት" አለች። ቆም ብላ አስካለን አየቻት። "የቀረውን ሙሉ ተናግራለች" ብላ ተቀመጠች።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ እነዚያ ሦስት መቶ ብሮች ሁለት ልጆችን አላዳኑም፤ ብዙ ጊዜ ሌት ተነስቼ ያን ሒሳብ እንደገና ሠርቼዋለሁ፤ ኪኒን ጨምሬ፣ ሌላ ነገር ቀንሼ። አይሞላም። በዚያ ዘመን በማንም እናት እጅ አይሞላም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ አንድ ሰው ክፋቱን ብቻ ወይም ደግነቱን ብቻ የሚነግረኝ ሰው ሲመጣ፣ "ቀጥል፣ ገና አልጨረስክም" እለዋለሁ።